ምሳሩ ያልተጻፈበት የእርቅ ወረቀት

በጎባ ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሰው ያሳሰረ ወረቀት ስመታ ኖሬአለሁ። ዳኛው ያሉትን እመታለሁ፣ ዐቃቤ ሕጉ ያለውን እመታለሁ፣ ሥራዬን ስጨርስ ማሽኑን ሸፍኜ ቤቴ እገባለሁ። እንጀራዬ ስለነበር በዚያ አልጸጸትም። አንድ ወረቀት ግን አለቃ ሳያዘኝ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ እንዲያውም ኮራ ብዬ ጻፍኩ። የእናቴን ወንድም የበላቸው እሱ ነው።

ይህን ስነግራቸው «ምን ታደርጊ፣ ዘመኑ ነው» የሚሉኝ አሉ። ደርግ እንዲህ ነበር፣ ደርግ እንዲያ ነበር ይላሉ። ደርግ የራሱ የሆነ የሚበቃው ኃጢአት አለው፤ የእኔን ልጨምርለት አልፈልግም።

አባቴ ከሰሜን ከመጡት ወገን የተወለደ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። እናቴ ከሮቤ ወጣ ብሎ ካለው የገብስ አገር የመጣች የእስላም ልጅ ናት። አባቴን ስታገባ ክርስትና ተነሣችና ዘመዶቿ ተቀየሟት። ታላቅ ወንድሟ ብቻ አልራቋትም። በመኸር ሰሞን በጋሪ ገብስ ጭነው ይመጡና በራችን ላይ ሆነው «አካም ጅርቱ!» እያሉ ደህንነታችንን ይጠይቃሉ። እኔን «ኢንተላ ኮ» ነበር የሚሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። ወጣት ሳሉ ፈረስ ጥሏቸው ቀኝ እግራቸው ስለተሰበረ ያነክሳሉ። ጠብ አያውቁም። እናቴ እንዲያውም «ወንድሜ ከዶሮ ጋር እንኳ ተከራክሮ አያሸንፍም» እያለች ታሾፍባቸው ነበር።

ያን ጊዜ መንግሥት ገበሬውን ከየጋራው እያወረደ በመንደር ሰብስቦት ነበር። ቤቶቹ እንደ ወታደር ተሰልፈው ቆመዋል። አጎቴ ቤት ትይዩ የደረሳቸው ሰው ደግሞ በግጦሽ የተነሣ ከአባት ጀምሮ ከእሳቸው ጋር የማይስማሙ ሽማግሌ ናቸው። ድሮ ጋራ ይለያቸው ስለነበር ጠቡ በዓመት አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አሁን ግን የአንዱ በር ሲከፈት የሌላው ጓዳ ይታያል። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባል የለ? አጎቴ ይህንን ይስቁበት ነበር፤ «መንግሥት ጠላቴን ጎረቤት አድርጎ ሰጠኝ» ይሉ ነበር።

ከሽማግሌው ልጆች አንዱ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ቁጡ ነበር። አጎቴ ገብስ በሚወቁበት ቀን የእነሱ ላሞች ወደ አውድማው ገብተው ክምሩን መብላት ጀመሩ። አጎቴ በዱላ ሲመልሷቸው አንዷ ላም ገደል ገብታ እግሯ ተሰበረ። ልጁ ይህን ሰምቶ ምሳር ይዞ መጣ።

ከዚያ የሆነውን አጎቴ ራሳቸው በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጎባ እኛ ቤት መጥተው ነገሩኝ። ጓሮ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ውሃ ስሰጣቸው በአንድ ትንፋሽ ጠጡት።

«‹ዛሬ ወይ አንተ ወይ እኔ› አለኝ» አሉ። «ወደ ኋላ ሄድኩ። ‹አላህን ፍራ፣ ላሟን እተካለሁ› አልኩት። መጣ። አሁንም ወደ ኋላ ሄድኩ። ጀርባዬ ክምሩን ነካ። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለኝም። ምሳሩን አነሣ። መንሹ በእጄ ነበር።»

መንሽ ገለባ የሚያበጥሩበት ጣት ጣት ያለው እንጨት ነው። አንድ ጊዜ ነው የወጉት። ደረቱ ላይ አገኘው።

እኔ ደግሞ ሕግ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ከጥቂት ወራት በፊት የመሐል ዳኛው በሌላ የግድያ ነገር ላይ ረጅም ፍርድ ሲያስጽፉኝ ሕጋዊ መከላከል ምን እንደሆነ በደንብ አብራርተው ነበርና በቃሌ ያዝኩት። ጥቃቱ ሕገወጥ መሆን አለበት። ደጅ የደረሰ አደጋ እንጂ የወደፊት ሥጋት መሆን የለበትም። ሰውየው ሌላ ማምለጫ ያጣ መሆን አለበት። የተከላከለበትም ነገር ከመጣበት ነገር መብለጥ የለበትም፤ በጥፊ ለመጣ ሰው በጥይት አይመለስም። ሊሸሽ እየቻለ የገደለ ገዳይ ነው። አጥቂው ዞሮ ሲሄድ ተከትሎ የገደለም ገዳይ ነው። ግን እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ የገደለው ሰው እንደ ማንኛውም ንጹሕ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሕጉ አይነካውም።

አጎቴ ሲጨርሱ በጣቴ ቆጠርኩ። ሁሉም አለ። ምሳሩ አለ፣ ወደ ኋላ መሄዱ አለ፣ ክምሩ አለ፣ አንካሳ እግር አለ። ደስ አለኝ፤ ሰው ሞቶ ደስ አለኝ። «አጎቴ፣ ነፃ ነዎት!» አልኳቸው። «አሁኑኑ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ። እኔም አብሬዎት እመጣለሁ። ለእኔ እንደነገሩኝ አድርገው ብቻ ይንገሯቸው።»

ጋቢያቸውን አንሥተው ተነሡ። የተነሡት እኔን አምነው ነው። ያን ጊዜ እናቴ ከጓዳ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ጉማው ሳይወጣ?» አለች።

ጉማ ደም ያፈሰሰ ወገን ከሟች ወገን ጋር የሚታረቅበት ሥርዓት ነው። ጃርሳዎች፣ ማለትም ሽማግሌዎች፣ መሐል ይገባሉ። ገዳዩ እስኪታረቅ ድረስ ከሟች ዘመድ ዓይን ይሰወራል። እናቴም «ፖሊስ ቢፈታው የት ሊገባ ነው? በሩ በእነሱ በር ፊት ነው። መጀመሪያ ከሰው ይታረቅ፣ ከመንግሥት በኋላ ይደርሳል» አለች። አጎቴ መልሰው ተቀመጡ። ሕግ የማውቅ እኔ ብሆንም ሰው የምታውቀው እሷ ናት ብዬ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ዝም ካልኩባቸው ጊዜያት ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

አጎቴን ዘመዶች አንገቱ ወደሚባለው ጫካ ወሰዷቸው። ሽማግሌዎቹ የሟችን አባት ሁለት ጊዜ ለምነው ተመለሱ፤ በሦስተኛው እሺ አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓመት ይፈጅ ነበር። ግን ሁለት ደመኛ ቤተሰብ በር ለበር ተቀምጦ ማን ይተኛል? የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈለገ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ማኅተም ይደረግበት አለ። በዚያ ዘመን ቃለ ጉባኤ ያልተያዘለት ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠር ነበር። ሠርግም ቢሆን ሳይጻፍ የሚቀር አይመስለኝም ነበር። እንግዲህ ማን ይጻፍ? «ጎባ ፍርድ ቤት የምትሠራ ልጅ አለችን» ተባለ።

ሄድኩ። ከዛፍ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥኩና የነገሩኝን በእርሳስ መያዝ ጀመርኩ። የጠቡን መነሻ ላይ ስንደርስ «ምሳሩስ?» አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። «የቱ ምሳር?»

«ሟች ይዞት የመጣው ነዋ። ካልተጻፈ እኮ ፍርድ ቤት...»

«ልጄ፣ ሙት ወቃሽ ልታደርጊን ነው?» አሉ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ላላወቀ ሰው እንደሚያስረዱ ነው የተናገሩት። «ጉማ ላይ ‹እሱም እኮ› የሚባል ነገር የለም። የገደለ ‹በድያለሁ› ይላል፣ አለቀ። ‹እሱም ምሳር አንሥቶ ነበር› ካለ ሁለተኛ ገደለው ማለት ነው። አባቱ ይህን ሰምቶ ለእርቅ እጁን ይዘረጋል? ነገሩ ከሬሳው ጋር ተቀብሯል። ከዛሬ በኋላ የሚያወጣው ሰው እርቁን አፈረሰ፤ ደሙ እንደገና ትኩስ ነው።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ቀን አውድማው ላይ ሆነው ሁሉን ያዩት ወቂዎች ሳይቀሩ ቃል ገቡ። እኔም ጻፍኩ። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ስገለብጠው ግን ሽማግሌዎቹ ያሉት «በድያለሁ» የሚለው ቃል ቀለለብኝ። የጨዋ የፍርድ ቤት አማርኛ እንዲመስል ብዬ «ያለ በቂ ምክንያት የሰው ሕይወት በማጥፋቴ በድያለሁ» አልኩት። ያለ በቂ ምክንያት! ማንም ያላለውን እኔ ከራሴ አምጥቼ ጨመርኩት። ሳነብላቸው ሽማግሌዎቹ «እንዲህ ነው መማር» አሉኝ። የአጎቴን አውራ ጣት ቀለም ላይ ያስነካሁት፣ ወረቀቱ ላይም የጫንኩት እኔ ነኝ።

በእርቁ ቀን በግ ታረደ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ውሃ እጃቸውን ታጠቡ፣ ዱዓ ተደረገ። ካሳው ከብትም ተነዳ። አጎቴ የሟችን አባት ጉልበት ስመው «በልጅዎ ምትክ ልጅ እሁንዎት» አሉ። የሟች አባት በጣም ቆይተው እጃቸውን በአጎቴ ራስ ላይ አደረጉ። እርቅ ደም ያደርቃል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ደረቀ። እኔም አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አድርገው በእግራቸው ፖሊስ ጣቢያ ገቡ። እሳቸውም፣ መንደሩም፣ እናቴም ወረቀቱ የሚያስፈታቸው መስሏቸው ነበር። በዚያ አገር ይህን ያላመነ ሰው አልነበረም። እኔ ብቻ፣ ሕጉን የማውቀው እኔ፣ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ጥርጣሬዬን ለራሴ እንኳ ጮክ ብዬ አልነገርኩትም።

ነገሩ እኛ ፍርድ ቤት መጣ። «ዘመዴ ናቸው» ብዬ ለመሐል ዳኛው ስነግራቸው «ሌላ ታይፒስት የለም፤ እጅሽን ብቻ አምጪ፣ ሆድሽን ቤት ተዪው» አሉኝ። ደግ ሰው ነበሩ። የባሌን ብርድ ስላልለመዱት ከኮታቸው በላይ ጋቢ ደርበው ይሰየሙ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ ከተላላኪው ጀምሮ ሰውን ሁሉ «ጓድ» የሚል ወጣት ነበር። አጎቴን ግን «አንተ» ነበር የሚላቸው።

ጠረጴዛው ላይ መንሹ ተቀምጧል። ምሳሩ የለም። ወቂዎቹ ተራ በተራ ቀረቡና «ራቅ ብለን ስለነበር አላየንም» አሉ። ቁርአን ይዘው ነው ያሉት። አንደኛው ሲወጣ እኔን እንዳያይ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቴን አነሣና አነበበው። አነባበቡ ጥሩ ነበር። «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመና እንደገና አነበበው። እኔ ይህንኑ እየመታሁ ነበር። ያንን ሐረግ ለሁለተኛ ጊዜ በገዛ ጣቴ መታሁት።

ዳኛው የእርቅ ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ ሳያውቁ አይቀሩም። በአስተርጓሚው በኩል አጎቴን ጠየቋቸው። «ሟች ሲመጣ በእጁ የያዘው ነገር ነበር?»

አጎቴ በኦሮምኛ «እኔ በድያለሁ» አሉ።

«የጠየቅሁት ሌላ ነው። ሊመታዎት ነበር?»

«በድያለሁ፤ ታርቄያለሁ።»

«መሸሽ ይችሉ ነበር?»

አሁንም ያንኑ መለሱ። ዳኛው እርሳሳቸውን ጣል አድርገው ወደ እኔ ዞሩና «ተከሳሹ ወደ ችሎት ሲገባ ቀኝ እግሩን እንደሚያነክስ ፍርድ ቤቱ ተመልክቷል ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ማንም ያልጠየቃቸውን አስጻፉ። አንድ ነገር ይፈልጉላቸው ነበር። ግን አንካሳ እግር ብቻውን ምን ሊያደርግ ነው? በመጨረሻ «ተከሳሹ አስቦበት ይምጣ» ብለው ሁለት ሳምንት ቀጠሩ። ፊት ለፊት ወንበር ላይ የሟች አባት በግርማ ሞገስ ተቀምጠው ነበር። በየቀጠሮው ይመጣሉ። እኔ በሐዘን የሚመጡ መስሎኝ ነበር።

በመሐሉ ዳኛውን ቢሯቸው ገብቼ ለመንኳቸው። «ለእኔ ነግረውኛል፤ እኔ ልመስክር» አልኩ። «የሰማሽውን ነው እንጂ ያየሽውን አይደለም። እሳቸው ራሳቸው ያልተናገሩትን አንቺ ብትናገሪ ማን ያምንሻል?» አሉኝ። «ከአፋቸው አንድ ቃል ከወጣ ግን ወቂዎቹን መልሼ እጠራለሁ፤ ሁለተኛ ስጠይቃቸው ይፈራሉ። አንድ ቃል አምጪልኝ።»

እናቴ የሠራችውን ገንፎ ይዤ ወህኒ ቤት ሄድኩ። አጥሩ ሥር ቆመን ተነጋገርን፤ ጉም ስለነበር ፊታቸው በደንብ አይታየኝም። ዳኛው ያሉትን ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ ነገርኳቸው፣ ለመንኳቸው፣ በመጨረሻ ጮህኩባቸው።

«ምሳሩን ይናገሩ! አንድ ቃል እኮ ነው!»

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ።

«ቃልዎት ለልጅዎ አባት ይሆንለታል? ሚስትዎን ያኖርልዎታል? ይህ ግትርነት ነው! ኩራት ነው!»

ልጃቸው አንድ ነው፤ በዚያው ዓመት ነው ያገባው። እሱን ሳነሣ አጎቴ እጃቸውን በሽቦው ላይ አደረጉና «ደህና ነው? ቤቱ ነው የሚያድረው?» ብለው ጠየቁኝ። ደህና ነው አልኳቸው። «እንግዲያውስ አትጩኺ» አሉኝ። ገንፎውን ተቀበሉና ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። እኔ ሳልሰናበታቸው ዞሬ ሄድኩ።

በቀጠሮው ቀን ያንኑ ሁለት ቃል ተናገሩ። ፍርዱን ዳኛው ራሳቸው በቃል አስጻፉኝ፤ «ተከሳሹ ራሱን ለመከላከል እንዳደረገው የሚያሳይ ክርክርም ሆነ ማስረጃ ያላቀረበ ከመሆኑም በላይ፣ ያለ በቂ ምክንያት መግደሉን በጽሑፍ ስላመነ» አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት። ከዚያ ደግሞ የሟች ወገን ስለታረቀ ቅጣቱ ከዚህ እንዳይበልጥ ተደረገ ተባለ። ሰዉ ወጥቶ «ወረቀቱ ረዳቸው» ሲል ሰማሁ። እናቴ ሳትቀር አመሰገነችኝ። ምን ልበላት?

አጎቴ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። ወህኒ ቤቱ ውስጥ በገባው ተስቦ ሞቱ። እኔ በእነዚያ ዓመታት የጠየቅኋቸው ከአምስት ጊዜ አይበልጥም። ብስጭቴ ስላልበረደ እናቴን ነበር የምልከው። ስማቸው በተነሣ ቁጥር «ግትር ሽማግሌ፣ ራሱን የገደለ» እል ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ አፌ ይመረኛል።

ሬሳቸውን ወደ መንደራቸው ወሰድነው። ሴቶቹ ቤት ቀረን፣ ወንዶቹ ወደ መቃብር ሄዱ። ጎረቤታቸው፣ በመንሹ የሞተው ልጅ አባት፣ ቃሬዛውን ከፊት ይዘው ነበር አሉ፤ አፈርም መጀመሪያ የመለሱት እሳቸው ናቸው። ከቀብር ሲመለሱ በረንዳው ላይ ብቻዬን አገኙኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ከቤታቸው በር እስከ ተቀመጥንበት ድረስ ሃያ እርምጃ አይሆንም።

«አንቺ ነሽ አይደል ያን ወረቀት የጻፍሽው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ምሳሩ የእኔ ነበር» አሉ። «‹ላሟን እንዲህ አድርጎ ዝም ልትለው ነው? ወንድ አይደለህም?› ብዬ እጁ ላይ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጄ ሲወድቅ ሄጄ ምሳሩን ያነሣሁትም እኔ ነኝ። እንጨት እፈልጥበታለሁ እስከ ዛሬ።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ፍርድ ቤት በየቀጠሮው የምመጣው አጎትሽ ይናገር እንደሆነ ልሰማ ነበር። ቢናገር ኖሮ ልጄን በሰው ፊት ነፍሰ ገዳይ አደረገው፤ እርቁ ፈረሰ። የዚያኑ ዕለት ይህንን ልጁን እገድለው ነበር። ምዬ ነበር። እሱም ያውቀኛል፤ አባቱም አባቴን ያውቀው ነበር።» ወደ ቤታቸው በር አዩና «አልተናገረም» አሉ። «አላህ ይማረው። ከእኔ የተሻለ ሰው ነበር።»

እኔ የሕጉን ቃላት በጣቴ ስቆጥር፣ አጎቴ ችሎት ፊት ቆመው የሚያስቡት ሌላ ነገር ነበር። «ቤቱ ነው የሚያድረው?» ብለው የጠየቁኝ ትዝ አለኝና እዚያው እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። ሽማግሌው ለቀብሩ የማለቅስ መስሏቸው «በቃ፣ በቃሽ» አሉኝ።

ያን ጊዜ የአጎቴ ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣና ሽማግሌውን «አባባ፣ ይታጠቡ» አላቸው። ሕፃን ልጃቸውን ያቀፈች ሚስቱ ከኋላው ቆማለች። ሽማግሌው ታጥበው መረቁት። የሰማሁትን ለእሱ አልነገርኩትም። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም፤ የሁለቱም ቤት ልጆች ዛሬም እዚያው በር ለበር ነው የሚኖሩት።